የጂ6ፒዲ ኢንዛይምን ላቦራቶሪ ውስጥ እንዴት እንለካዋለን? ከደም ቱቦው እስከ ቁጥሩ

የመጀመሪያ ቀን 12 ናሙና ለካሁ። 12ቱም ዜሮ ወጡ። ዝቅ ያለ ማለቴ አይደለም፣ ዜሮ። ብርሃን የሚለካው ማሽን የሚሥለው መስመር ቀጥ ብሎ እንደተኛ ቀረ። ደሙን የሰጡኝ ደግሞ ጤነኛ የክፍል ጓደኞቼ ናቸው፤ አንዱ እንዲያውም ጠዋት ኳስ ተጫውቶ ነው የመጣው። በእኔ ውጤት ከሄድን ሁሉም በሩጫ ሐኪም ቤት መግባት ነበረባቸው። ጥፋቱ ምን እንደነበር ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ማሽኑ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እየነገረኝ ነበር፤ እኔ ግን የሰማሁት ማታ ነው።

የማወራው ግሉኮስ-6-ፎስፌት ዲሃይድሮጅኔዝ ስለሚባለው ኢንዛይም ነው። ስሙ ስለሚረዝም ሁሉም ሰው ጂ6ፒዲ ነው የሚለው። ባዮኬሚስትሪ ወይም ሜዲካል ላቦራቶሪ እየተማራችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ኢንዛይም በእጃችሁ ልትለኩ ከሆነ፣ እኔ ብሆን በዚህ ነው የምጀምረው። ከጥቂት ጠብታ ደም ይገኛል፣ ሥራው በብርሃን ይታያል፣ ቁጥሩም ሕክምና ውስጥ ትርጉም አለው። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እንግባባ። ከዚህ በታች የምጽፈው ለትምህርትና ለምርምር ነው። ታማሚ መድኃኒት ይውሰድ አይውሰድ የሚወሰነው ጥራቱ በተረጋገጠ ምርመራና በሐኪም ነው፣ በተማሪ ኩቬት (ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ትንሽ መለኪያ ዕቃ) አይደለም።

መጀመሪያ፣ ለምን እንለካዋለን?

ቀይ የደም ሴል የሚገርም ፍጥረት ነው። ሲበስል ኒውክሊየሱን አውጥቶ ይጥላል፣ ማይቶኮንድሪያውንም እንዲሁ። አዲስ ፕሮቲን መሥራት አይችልም። ስለዚህ ወደ 120 ቀን የሚጠጋ ዕድሜውን የሚጨርሰው ከመቅኒ ይዞት በወጣው ስንቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ኦክስጅን ተሸክሞ ስለሚዞር ደግሞ ኦክሲዴሽን ሊበላው ይፈልጋል፣ ብረት እንደሚዝገው ማለት ነው። መከላከያው ኤንኤዲፒኤች የምትባል ሞለኪውል ናት፤ ግሉታታዮን የሚባለውን ጋሻ እያደሰች ታቆየዋለች። ኤንኤዲፒኤች የምትሠራበት መንገድ በር ላይ የቆመው ኢንዛይም ጂ6ፒዲ ነው። እሱ ከደከመ ሴሉ ስንቁ አለቀ ማለት ነው። በአዘቦቱ ቀን ምንም ላይታይ ይችላል። ጉዱ የሚወጣው ጠላት ሲመጣ ነው።

ጠላት ከሚሆኑት አንዱ ፕሪማኪን የሚባለው የወባ መድኃኒት ነው። እኛ አገር ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ያለው የወባ ዓይነት ቫይቫክስ ነው። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሣል። ሰውየው “ወባዬ ተነሣብኝ” ሲል አዲስ ትንኝ ላይነክሰው ይችላል። የተኛውን የሚገድለው ፕሪማኪን ነው። ጂ6ፒዲ በጣም ያነሰበት ሰው ግን ፕሪማኪን ሲወስድ ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ሽንቱ ጥቁር ሻይ ይመስላል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል።

ይህ የታወቀበት ታሪክ ደስ አይልም፣ ግን ማወቅ አለባችሁ። በፈረንጆቹ በ1940ዎቹና በ50ዎቹ አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ስቴትቪል በሚባል እስር ቤት የወባ መድኃኒቶች በእስረኞች ላይ ይሞከሩ ነበር። ከጥቁር አሜሪካውያን እስረኞች አንዳንዶቹ ፕሪማኪን ሲሰጣቸው ደማቸው ይፈርስ ጀመር። ተመራማሪዎቹ የእነዚህን ሰዎች ቀይ ሴል ጨረር ባለው ክሮሚየም ምልክት አድርገው ለሌሎች ሰጡ። ፕሪማኪን ሲሰጥ የፈረሱት ምልክት ያላቸው ሴሎች ብቻ ሆኑ። ችግሩ ከሰውየው አካል ሳይሆን ከሴሉ ከራሱ ነው ማለት ነው። በ1956 የአልቪንግና የካርሰን ቡድን የጎደለው ጂ6ፒዲ መሆኑን አሳተመ። ሳይንሱ አንጀት ያርሳል፤ መታሰር ላይ ያለ ሰው “ፈቃደኛ ነኝ” ሲል ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ ግን ራሳችሁ ፍረዱ። ስለዚህ የክፍል ጓደኛችሁም ቢሆን ደም ከመቅዳታችሁ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የተፈረመ የስምምነት ወረቀት ይኑራችሁ። ከማን ዘንድ እንደመጣ በስም ሳይሆን በኮድ ጻፉ። ወረቀቱ ያሰለቻል፣ አውቃለሁ።

ሌላው ጠላት ደግሞ ባቄላ ነው። አዎ፣ የእኛው ባቄላ። በተለይ እሸቱ ውስጥ ቫይሲንና ኮንቫይሲን የሚባሉ ነገሮች አሉ፣ ኢንዛይሙ የጎደለውን ሰው ደም ያፈርሳሉ። ጎደሎው ያለበት ሰው ሁሉ ግን ባቄላ በበላ ቁጥር አይታመምም፤ እንደ ጎደሎው ዓይነትም እንደ ሰውየውም ይለያያል።

ደሙ

ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፣ ማሽኑ ጋ ሳይደረስ።

ባለ ሐምራዊ ክዳን ቱቦ ውሰዱ፣ ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ ያለበትን። 2 ሚሊሊትር ይበቃል። ቱቦውን ቀስ እያላችሁ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ገልብጡት። መናጥ የለም፣ ቅቤ አይደለም። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ አስቀምጡና በ24 ሰዓት ውስጥ ለመጨረስ ሞክሩ። በፍሪጅ ከዚያ በላይም ይቆያል፣ ለተማሪ ግን ቀጠሮ ማጥበቅ ይሻላል። ከመስክ የምታመጡት ከሆነ ቱቦውን በረዶ ላይ በቀጥታ አታስደግፉት፣ መሐል ላይ ካርቶን ወይም ጨርቅ ይግባ። ሙሉ ደም በረዶ ከሆነ በኋላ ሲቀልጥ ሴሉ ይፈነዳል፣ የማጠቡ ነገር በዚያው አበቃ። ሙቀት ደግሞ ኢንዛይሙን ራሱን ይገድለዋል። ዓርብ ማታ ናሙና ፍሪጅ ከትቶ ቅዳሜና እሑድ መብራት የጠፋበት ሰው ሰኞ “ሁሉም ጎደሎ ናቸው” ብሎ ቢመጣ እኔ አልሰማውም። ፍሪጁ ውስጥ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር ይኑር፤ ውድ አይደለም።

ቀጥሎ ነጭ ሴሎችን ማውጣት። ነጭ ሴልም ጂ6ፒዲ አለው፣ ያውም ብዙ። ቀዩ ባዶ ሆኖ ነጩ ቢሞላ ውጤቱን ያሳምረውና የታመመውን ጤነኛ ያስመስለዋል። ሴንትሪፊዩጅ ላይ በ1000 ጂ (የመሬት ስበት ሺህ እጥፍ) አካባቢ 10 ደቂቃ አዙሩት። ከላይ ቢጫው ፕላዝማ ይቆማል፣ ከታች ቀዩ፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ነጣ ያለ ንጣፍ አለ። ፕላዝማውንም ንጣፉንም ምጠጡና ጣሉ። የቀዩን የላይኛውን ጫፍ ትንሽ ብትወስዱ አትሳሱ፣ ግን ብዙ አትውሰዱ። ምክንያቱም ወጣት ሴሎች ቀለል ስለሚሉ ከላይ ነው የሚቆሙት፣ ኢንዛይሙም እነሱ ላይ ይበዛል። የላይኛውን ዘግናችሁ ከጣላችሁ የቀረው ሽማግሌው ብቻ ይሆናል።

የቀረውን በቀዝቃዛ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ ሦስት ጊዜ እጠቡ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው መጠኑ መልሱትና ሄሞግሎቢኑን ለኩ። ሄሞኪዩ የሚባለው ትንሽ መለኪያ ካላችሁ በሱ፣ ከሌለ ድራብኪን በሚባለው ፈሳሽ በ540 ናኖሜትር። ይህን ቁጥር ጻፉ፤ መጨረሻ ላይ የምንካፈለው በእሱ ነው። ለምን ለሄሞግሎቢን ይካፈላል? የአዲስ አበባ ሰው ከፍታው ላይ ስለሚኖር ሄሞግሎቢኑ ከቆላው ሰው ከፍ ሊል ይችላል፣ ደም ያነሰው ሰው ደግሞ ዝቅ ይላል። “በአንድ ሚሊሊትር ደም ይህን ያህል ኢንዛይም” ብንል ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም። “በአንድ ግራም ሄሞግሎቢን” ስንል ግን ሴል በሴል አወዳደርን ማለት ነው።

አሁን እናፈንዳው። 50 ማይክሮሊትር ከታጠበው ሴል፣ 950 ማይክሮሊትር በረዶ የመሰለ የተጣራ ውሃ። ውሃው ውስጥ ቀድማችሁ ትንሽ ኤንኤዲፒ፣ ማለትም ኢንዛይሙ ወደ ኤንኤዲፒኤች የሚቀይረውን ጥሬ ዕቃ፣ ብትጨምሩበት ጥሩ ነው። የሰው ጂ6ፒዲ ኤንኤዲፒ የሚይዝበት ሁለተኛ ቦታ አለው፤ ለሥራ ሳይሆን ቅርጹን አጽንቶ ለመያዝ። ኤንኤዲፒ ሲያጣ ኢንዛይሙ ይፈታል። ውሃው ውስጥ የወረወራችሁት ኤንኤዲፒ የቤት ምሰሶ ነው በሉት። ፈሳሹ ከደፍራሳ ወደ ጥርት ያለ ቀይ ሲለወጥ ሴሉ ፈንድቷል። ከቱቦው ጀርባ ጽሑፍ ይዛችሁ ሞክሩ፣ ፊደሉ ከተነበበ በቃ። በረዶ ላይ ይቀመጥ፣ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለካ።

ውህዱ

ለአንድ 1 ሚሊሊትር ኩቬት እኔ የምጠቀምበት እንዲህ ነው። ፒኤቹን ከሚያጸናው ከትሪስ በፈር (1 ሞላር፣ ፒኤች 8.0) 100 ማይክሮሊትር። ከማግኒዥየም ክሎራይድ (0.1 ሞላር) 100። ከኤንኤዲፒ (2 ሚሊሞላር) 100። የፈነዳው ደም 50። ውሃ 550። ይህን ሁሉ ኩቬቱ ውስጥ አድርጋችሁ 37 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ አሙቁት። ሪአክሽኑን የሚያስነሣው የመጨረሻው ነው፤ ግሉኮስ-6-ፎስፌት (6 ሚሊሞላር) 100 ማይክሮሊትር። እሱ ሲገባ ሰዓቱ ጀመረ።

ትሪስ ተንኮለኛ ነው። ሙቀት ሲጨምር ፒኤቹ ይወርዳል፣ በአንድ ዲግሪ ወደ 0.03 ገደማ። 25 ዲግሪ ላይ 8.0 ያደረጋችሁት 37 ላይ 7.7 አካባቢ ይገኛል። የትኛው ሙቀት ላይ እንዳስተካከላችሁት ደብተር ላይ ካልጻፋችሁ ከስድስት ወር በኋላ የራሳችሁን ውጤት መድገም ያቅታችኋል።

ኤንኤዲፒ ውድ ነው፣ ሪኤጀንት ከውጭ እስኪመጣ ስንት ወር እንደሚጠበቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ አታባክኑ። ለ10 ሚሊሊትር ወደ 16 ሚሊግራም ነው የሚያስፈልገው፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የሞለኪውል ክብደት አይታችሁ አስሉ፣ ጨውና ውሃ ስለሚያዝል ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፣ አንዱ ከቀለጠ ተመልሶ አይግባ።

እና ጠርሙሱን ሁለት ጊዜ አንብቡ። የእኔ 12 ዜሮ የመጣው ከዚህ ነው። ፍሪዘሩ ውስጥ ኤንኤዲፒና ኤንኤዲፒኤች ጎን ለጎን ነበሩ። ሁለቱም ትንንሽ ቡናማ ጠርሙስ፣ ክዳናቸውም አንድ ዓይነት፣ ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ፊደል። እኔ ያነሣሁት ኤንኤዲፒኤችን ነው። ማለትም ኢንዛይሙ ሠርቶ ሊያወጣ የሚገባውን ምርት ቀድሜ ሞልቼ ሰጠሁት፤ የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ ግን አልሰጠሁትም። ለጋጋሪ ሊጥ ሳይሆን የተጋገረ እንጀራ ሰጥቶ “ጋግር” እንደማለት ነው። የሚያሳፍረው ምኑ መሰላችሁ? መነሻ ንባቡ 1.2 አካባቢ ነበር። የሄሞግሎቢኑን ድርሻ በብላንክ (ሪአክሽን በማይካሄድበት ማነጻጸሪያ ኩቬት) ቀንሼለት ስለነበር ዜሮ አካባቢ ነበር መነሣት የነበረበት። 1 ሚሊሞላር ኤንኤዲፒኤች የሚሰጠው ንባብ 6.22 ነው፤ 0.2 ሚሊሞላር በ6.22 ሲባዛ ስንት ነው? 1.24። ማሽኑ ምን እንደጨመርኩ በቁጥር ነግሮኛል። እኔ የመስመሩን ቁልቁለትና ዳገት ብቻ እያየሁ መነሻውን አላየሁም።

ንባቡ

ኤንኤዲፒኤች በ340 ናኖሜትር ብርሃን ትውጣለች፣ ኤንኤዲፒ ግን አይውጥም። ይህን ልዩነት ለኢንዛይም መለኪያ ያደረገው በ1930ዎቹ ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ ነው፣ ዛሬም ብዙ የሆስፒታል ማሽኖች በዚሁ ነው የሚኖሩት። ስለዚህ ኢንዛይሙ በሠራ ቁጥር በ340 ያለው ንባብ ይወጣል። የምንለካው ኢንዛይሙን አይደለም፤ ሥራውን ነው። ሟች ኢንዛይም በብዛት ቢኖርም ንባቡ አይንቀሳቀስም።

የማሽኑን መብራት ቢያንስ 20 ደቂቃ አስቀድማችሁ አብሩ። መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ ከመጣ ከዜሮ ጀምሩ፣ “ትንሽ ነው የጠፋው” አይሠራም። ኳርትዝ ኩቬት አያስፈልግም፣ ለ340 ተራው የሚጣለው ፕላስቲክ ይበቃል፤ ጎኑን በጣት አትንኩ እንጂ። ግሉኮስ-6-ፎስፌቱን ጨምራችሁ፣ በፓራፊልም ክዳን ሁለት ሦስት ጊዜ ገልብጣችሁ፣ በየደቂቃው ለ10 ደቂቃ አንብቡ። የመጀመሪያዋን ደቂቃ አትመኗት፣ ውህዱ ገና እየተረጋጋ ነው። ቀጥሎ ያሉት ነጥቦች ማስመሪያ ቢቀመጥባቸው ቀጥ ማለት አለባቸው። መስመሩ እየጎበጠ ከሄደ ወይ ኢንዛይሙ በዝቷል ወይ አንዱ ጥሬ ዕቃ አልቋል፤ የደሙን መጠን በግማሽ ቀንሱ። ግማሽ ደም ግማሽ ፍጥነት ከሰጠ ልኬታችሁ ጤነኛ ነው። ይህን ፈተና ሳላደርግ ያሳለፍኩት ቀን የለም፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

አንድ የተደበቀ ሌባ አለ። ጂ6ፒዲ የሚያወጣው ምርት በመጨረሻ 6-ፎስፎግሉኮኔት ይሆናል። ደም ውስጥ ደግሞ ይህን የሚቀበል ሌላ ኢንዛይም አለ፣ እሱም ኤንኤዲፒኤች ያወጣል። ስለዚህ ማሽኑ የሁለት ሠራተኞችን ምርት ደምሮ ለአንዱ ይሰጠዋል። ጤነኛ ናሙና ላይ ስሕተቱ ከፍ ይላል፣ ጎደሎው ላይ ትንሽ ነው። መፍትሔው ሁለት ኩቬት መሥራት ነው። አንዱ ውስጥ ሁለቱንም፣ ግሉኮስ-6-ፎስፌትና 6-ፎስፎግሉኮኔት። ሌላው ውስጥ 6-ፎስፎግሉኮኔት ብቻ። ከመጀመሪያው ሁለተኛውን ስትቀንሱ የሚተርፈው የጂ6ፒዲ ነው። አንዳንድ ኪቶች ማሌይሚድ የሚባል ነገር ጨምረው ሁለተኛውን ኢንዛይም ከሥራ ያስወጡታል፤ ኪት ከተጠቀማችሁ መመሪያው ላይ መኖሩን እዩ። ምንም ሰብስትሬት (ኢንዛይሙ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ) ያልገባበት ብላንክም አይቅር።

ኮንትሮል፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና፣ ይግባ። የተዘጋጀ ደረቅ ኮንትሮል፣ ጤነኛውም መካከለኛውም ጎደሎውም፣ መግዛት ከቻላችሁ እሰየው። ካልቻላችሁ የራሳችሁን ደም በየቀኑ አብራችሁ ለኩ። የእናንተ ቁጥር ሰኞ 8፣ ማክሰኞ 5 ከሆነ የተለወጣችሁት እናንተ አይደላችሁም።

ሒሳቡ

በምሳሌ እንሂድ። ተቀናንሶ የቀረው ፍጥነት በደቂቃ 0.0174 ነው እንበል። ለ6.22 ሲካፈል 0.0028 ይሆናል፤ ይህ በደቂቃ የተሠራው ኤንኤዲፒኤች በማይክሮሞል ነው፣ ምክንያቱም ኩቬታችን 1 ሚሊሊትር ነው። በአንድ ደቂቃ አንድ ማይክሮሞል የሚሠራ የኢንዛይም መጠን አንድ ዩኒት ይባላል። ስለዚህ 0.0028 ዩኒት አለን።

አሁን ስንት ግራም ሄሞግሎቢን ኩቬቱ ውስጥ ገባ? የታጠበው ሴል ሄሞግሎቢን በ100 ሚሊሊትር 14 ግራም ነበር እንበል፤ በ1 ሚሊሊትር 0.14 ግራም ማለት ነው። ሃያ እጥፍ አቅጥነነዋል፣ 0.007 ቀረ። ከዚያ 50 ማይክሮሊትር ወሰድን፣ 0.00035 ግራም። 0.0028ን ለ0.00035 ስናካፍል 8። ውጤታችን በአንድ ግራም ሄሞግሎቢን 8 ዩኒት ነው። ከጎኑ 37 ዲግሪ ብላችሁ ጻፉ። 30 ዲግሪ ላይ የለካ ሰው ያነሰ ቁጥር ያገኛል፣ ያ ማለት ሰዎቹ ታመሙ ማለት አይደለም።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ማቅጠኛው ላይ ነው። 50 በ950 ውስጥ ሃያ እጥፍ ነው እንጂ አሥራ ዘጠኝ አይደለም። ሳቃችሁ? ጠብቁ፣ ትደርሱበታላችሁ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

8 ጥሩ ነው መጥፎ? ብቻውን ምንም አይልም። የሌላ ላቦራቶሪ ጤነኛ ልክ የእናንተ ልክ ላይሆን ይችላል። የተለመደው ዘዴ ከአካባቢያችሁ ወንዶች ብዙ ናሙና መለካት ነው። መሐለኛውን ቁጥር አውጡ፣ ከእሱ 10 በመቶና በታች የሆኑትን አስወግዱ፣ ከቀሩት እንደገና መሐለኛውን ውሰዱ። እሱ 100 በመቶ ነው። ሌላው ሁሉ ከእሱ በመቶኛ ይነገራል። ከ30 በመቶ በታች የሆነ ሰው የየቀኑ ፕሪማኪን አይሰጠውም። ታፌኖኩዊን የሚባለው በአንድ ጊዜ የሚዋጥ አዲስ መድኃኒት ደግሞ ቢያንስ 70 በመቶ ይፈልጋል። አንዴ ከተዋጠ ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ፣ ችግር ሲመጣ “ነገ አልውጥም” ማለት አይቻልም።

ለምን ወንዶች? ጂኑ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ስላለው ወይ አለው ወይ የለውም። ሴት ሁለት አላት፣ በየሴሉ ግን አንዱ ተኝቶ አንዱ ነው የሚሠራው። እንግሊዛዊቷ የዘረመል ተመራማሪ ሜሪ ላየን ይህን ሐሳብ በ1961 አቀረበች፣ በዓመቱ ቢውትለርና ባልደረቦቹ የሴት ቀይ ሴሎች ላይ በዚሁ በጂ6ፒዲ አሳዩት። አንድ ጎደሎ ጂን ያላት ሴት ደሟ ሽሮና በርበሬ እንደተቀላቀለበት ዕቃ ነው፤ አንዱ ሴል ሙሉ፣ አንዱ ባዶ። የእናንተ ማሽን ደግሞ ሁሉንም አፍንድቶ አማካዩን ነው የሚያነበው። ሃምሳ በመቶ ስታገኙ እያንዳንዱ ሴል ግማሽ አለው አትበሉ። ምናልባት ግማሾቹ ሴሎች ምንም የላቸውም፣ መድኃኒቱ ሲመጣ የሚፈርሱት እነሱ ናቸው። “አለ ወይስ የለም” ብቻ የሚሉ ፈጣን ምርመራዎች እነዚህን ሴቶች የሚያሳልፏቸውም ለዚህ ነው።

ሌላው ወጥመድ ጊዜው ነው። ጤነኛ ሴል ውስጥ ኢንዛይሙ በግማሽ ለመቀነስ 62 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ኤ ማይነስ በሚባለው አፍሪካ ውስጥ በሚበዛው ጎደሎ ግን 13 ቀን ብቻ። ስለዚህ ወጣቱ ሴል ደህና ነው፣ ያረጀው ባዶ ነው። ደም ሲፈርስ የሚሞተው ያረጀው ነው፣ መቅኒ ደግሞ ወጣቶችን ያፈሳል። ሰውየው በዚያ ሳምንት ቢለካ የሚቆጠሩት ወጣቶቹ ናቸው፣ ውጤቱም “ጤነኛ” ይላል። የረቲኩሎሳይት (የወጣት ቀይ ሴል) ቁጥር አብራችሁ ጠይቁ፣ ከፍ ካለ ልኬቱ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይደገም። በቅርቡ ደም የተሰጠው ሰውም እንደዚሁ ነው፣ የምትለኩት የለጋሹን ነው።

ጊዜ ካላችሁ ኬኤሙንም አውጡ፣ ማለትም ኢንዛይሙ በግማሽ ፍጥነቱ የሚሠራበትን የሰብስትሬት መጠን፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ክብደት ይሰጣል። ሚካኤሊስና ሞድ ሜንተን በ1913 በርሊን ላይ የጻፉት ያው ቀመር ነው። ኤንኤዲፒውን ሳትነኩ ግሉኮስ-6-ፎስፌቱን ከ10 እስከ 600 ማይክሮሞላር እየቀያየራችሁ ፍጥነቱን ለኩ። መጠኑንም ፍጥነቱንም ገልብጦ (1ን ለእነሱ አካፍሎ) ቀጥታ መስመር የሚሠራውን የድሮ ግራፍ ተዉት፤ ትንሿን ቁጥር ሲገለብጣት ስሕተቷንም አብሮ ያገዝፋታል። ኮምፒውተሩ ኩርባውን በቀጥታ ያስማማ። አንድ የሚገርም ነገር ታያላችሁ። ሜዲትራኒያን የሚባለው ጎደሎ ኬኤሙ ከጤነኛው ያነሰ ነው፣ ማለትም ሰብስትሬቱን አጥብቆ ነው የሚይዘው። ግን ሴሉ ውስጥ ያለው በጣም ጥቂት ነው፣ ቶሎ ይሞታል። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ ግን ሥራ አይመጣም።

በመጨረሻ፣ ቲፑም ኩቬቱም የሰው ደም ነክቷል። በረኪና ውስጥ ይደር፣ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እንዳይወረወር። ጓንት እጃችሁ ላይ እያለ ስልክ አትንኩ፣ ሁላችንም እንነካለን፣ አትንኩ።

እነዚያን 12 ናሙናዎች በማግስቱ በትክክለኛው ጠርሙስ ደገምኳቸው። 11ዱ ከ7 እስከ 10 መካከል ወጡ። 12ኛው 1.3። ጠርሙሱን አየሁ፣ ትክክል ነው። ቲፑን ቀየርኩ፣ ደገምኩ፣ 1.2። ደሙን እንደ አዲስ አጥቤ አፈነዳሁ፣ ያው ነው። ኳስ ተጫዋቹ ነበር። ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። ሐኪም ቤት ሄዶ በደንብ ሲመረመር ጎደሎው ተረጋገጠ፤ እስከዛሬ ምንም ሳይታመም ነው የኖረው። አሁን ቦርሳው ውስጥ ከመታወቂያው ጀርባ ትንሽ ወረቀት አለ፣ እንዳይወስድ የተነገረው መድኃኒት ስም የተጻፈበት። እኔን ያለኝ ግን ስለ መድኃኒቱ አልነበረም። “እሸት ባቄላውስ?” ነው ያለኝ። “እሸቱን ተወው” አልኩት።